ሳይምሉ ጨው መሸጥ

ነጋዴ ሳይምል ሸጦ ያውቃል? እስቲ አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። በርበሬ የምትሰፍረው ሴት ማርያምን ትጠራለች፣ ሽንኩርት ሻጩ የልጆቹን ዓይን ያስይዛል፣ ቅቤ ነጋዴዋማ ገና ዋጋ ሳትጠየቅ ሚካኤልን ምስክር አቁማ ትጠብቃለች። ገዢውም መሐላውን አያምነውም፤ ግን ካልሰማው አይገዛም። ኃጢአት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። እኔ የማጫውታችሁ አለመማል ሰው ሊያስበላ ስለነበረበት ቀን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እናታችን ስትሞት በእጄ ላይ የተወችልኝ ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ጴንጤ ሆነ። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ የንስሐ አባቴን ጠርቼ አስመከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ጊዜማ ባሰበት። ከገርጂ ቤታችን እየተነሳ ከአያት ወዲያ ባሉት መንደሮች በእግሩ እየዞረ ወንጌል መስበክ ጀመረ። አያት ስላችሁ የዛሬውን ፎቅ እንዳታስቡ፤ ያኔ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃና የገብስ ማሳ ነው። በዚህ ሥራ የተያዙ ጓደኞቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጨው ነጋዴ መሰለ። አንድ ከረጢት ጨው ይሸከማል፤ ከጨዉ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ኪዳን አለ።

ልጁ በዕድሜው መርፌ እንኳ ሸጦ አያውቅም። አንድ ቀን ፍርሃቱ ሲብስብኝ "እኔም እሄዳለሁ" አልኩት።

"እትዬ፣ አንቺ እኮ አታምኚበትም።"

"በጨዉ አምናለሁ። ተነስ!"

ከአያት አልፈን ኬላው ጋ ስንደርስ አንድ የገበሬ ማኅበር ጥበቃ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። 

"ምን ይዛችኋል?"

"ጨው" አለ ደረጀ።

"በስንት ገዛኸው?"

የገዛበትን ነገረው። እውነቱን! ጥበቃው ሳቀ። "ዛሬ በዚህ ዋጋ ጨው ከየት ተገኝቶ? እስቲ ማል!"

ወንድሜ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ።

"ማል እንጂ!"

"የነገርኩህ እውነት ነው" አለ ቀስ ብሎ፤ "መማል ግን አልምልም።"

የጥበቃው ሳቅ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት፤ ጴንጤ እንደማይምል አገር ያውቃል። "የማይምል ነጋዴ..." እያለ ተነሳና እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። እናንተዬ፣ ያቺ እጅ! እንደ አይጥ ጨዉን እየማሰች ትወርዳለች። ትንሽ ዝቅ ብትል ወንድሜ የለም።

"ሚካኤልን!" ብዬ ጮህኩ። እጁ ቆመ። "ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ እናቴ ያረፈችበትን አፈር፣ በእጥፍ ነው የገዛነው! ይሄ ዋጋ የማያውቅ ጅል ነው ጓድ፣ ነጋዴዋ እኔ ነኝ!"

እጁን አወጣ። ከጣቱ ጨው እየላሰ ከላይ እስከ ታች አየኝና "እንዲህ ነው እንጂ ነጋዴ" አለ። "እለፉ።"

እውነቱ ሊያስረሽነን ነበር፤ ውሸቱ አሳለፈን።

ጥቂት እንደሄድን ደረጀ ቆመ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ፊቴን አሳመርኩ።

"እትዬ፣ ተመልሼ እውነቱን ልንገረው።"

"አብደሃል?"

"በእኔ ምክንያት ሰውየው ተዋሸ። እዚህ ዋሽቼ እዚያ ማዶ ምን ብዬ እሰብካለሁ?"

ጋቢውን ይዤ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ ረገምኩ። ጋቢውን እጄ ላይ ትቶልኝ ከነከረጢቱ ተመለሰ።

አጋም ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጬ ከሩቅ አያለሁ። ጥበቃው ተነሳ። ጠመንጃውን አነሳ። ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ ጋቢውን ተከናንቤ ጥይቱን መጠበቅ ያዝኩ። ጥይቱ ቀረ። የመጣው ደረጀ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን አለህ?"

"'እህቴ ዋሽታለች፤ የገዛሁት መጀመሪያ ባልኩህ ዋጋ ነው' አልኩት። ጠመንጃውን መልሶ አወረደው። ከዚያ ዙሪያውን ገላመጠና፣ 'ማታ የሚቆመው ሰው እንደ እኔ አይደለም፤ ስትመለሱ በላይኛው መንገድ ሂዱ' አለኝ።"

ለካ ጠመንጃ የያዘውም ይፈራ ኖሯል!

መንደሩ ስንደርስ እሱ አንድ ጎጆ ውስጥ ገብቶ ሰበከ። እኔ ደጅ ቆሜ መንገዱን እየጠበቅሁ ጨዉን ሸጥኩለት፤ እየማልኩ።

በላይኛው መንገድ ተመለስን። ዳገት ነው። እሱ ከፊት መዝሙሩን ያንጎራጉራል፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ሚካኤልን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ያ የማታው ሰውዬ ቢገጥመን ኖሮ፣ ያልጠራኋቸውን ታቦታት ሁሉ እጠራቸው ነበር።