በሸማኔው ጉድጓድ ያስቀመጥኩት ድንጋይ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ድፍት ብዬ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ትለኝ የነበረችው እናቴ ይህንን አላየችማ!

በሕልሜ ድንቡሼ በማይክሮስኮፕ ታየኛለች። ድንቡሼ ማለት ስምንት ወር ሙሉ ያሳደግኳት ተሕዋስ ናት፤ ከአፋር ፍል ውኃ በብልቃጥ ያመጣኋት፣ ለዓይን እንኳ የማትታይ ጉድ። ስም አውጥቼ ስጠራት የሰሙ ሁሉ ይስቁብኛል። አሁን ግን እሷ ቤት አክላ፣ እኔ መስታወት ላይ ተጋድሜ፣ "አትንቀሳቀሺ እንጂ፣ ልይበት!" ትለኛለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"እያጠናሁሽ ነዋ።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"አንቺስ እኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

እውነቷን ነው።

ከመስታወቱ አንስታ አገሯ ወሰደችኝ። ውኃው ይፋጃል፤ ሕዝቡ ግን ጋቢ ተከናንቦ "ውይ ብርዱ!" እያለ ይንቀጠቀጣል። የቀበሌው ጸሐፊ ሰልፍ ይዞ ባለጉዳይ ይጠብቃል። ባለጉዳይዋ መጣችና "ነገ ተመለስ" አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ "እሺ እመቤቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ ቆሜ ባየው ደስ ባለኝ፣ ድንቡሼ ግን እጄን ጎተተችኝ።

"ልጆቼን እይልኝ" አለችኝ።

ልጆቿ ተደርድረው ቆመዋል፤ የለበሱት ሁሉ እምብርታቸው ላይ አልቋል። እዚያ አገር ልብስ ማለት ገላ ማለት ነው፤ ከስብ ክር የተሸመነ፣ ውስጥን ከውጭ የሚለይ። ልብሱ ያጠረበት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ በጎኑ ይንጠባጠባል። ትንሿ የሾለከባትን ጨው በእፍኟ ይዛ መልሳ ልትከት ትታገላለች። አንጀቴን በላችው።

"ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው ሰማንያ ዲግሪ ይገባል" አለች ድንቡሼ። "እኔስ እችለዋለሁ፣ ልብሴ ረጅም ነው። ከእነዚህ ግን አንድም አይተርፍልኝም።"

"ማነው እንዲህ ያሳጠረባቸው?"

"ነይ፣ ራስሽ እይው" አለችኝ።

ወደ ሸማኔው ይዛኝ ሄደች። የስቡን ክር የሚሠራው ኢንዛይም ናቸው፤ ጋሽ ዘርጋው ይሏቸዋል። የእኛ አገር ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ በእጁ ይሸምናል፤ ጋሽ ዘርጋው ጭንቅላታቸውን ከትተው በእግራቸው ይሸምናሉ። ክሩን ወደ ጉድጓዱ ይለቁታል፤ ጫፉ ታች ሲነካ "በቃ!" ይሉና ይቆርጡታል። ሌላ መለኪያ የላቸውም። ጉድጓዱ ከጠለቀ ክሩ ይረዝማል፣ ጉድጓዱ ካነሰ ያጥራል።

"ጋሽ ዘርጋው፣ እንደምን ዋሉ?"

"ተገልብጬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ክሩን ትንሽ አያረዝሙላቸውም?"

"ምን ላድርግ ልጄ? እኔ ጉድጓዱ እንዳዘዘኝ ነኝ። አንድ ነገረኛ ታች ድንጋይ ጥሎብኛል።"

"አጫጭሩንስ ቢያቀጣጥሉት? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?"

"ቢያብር ነዋ! ይሄ መች ይደራረሳል?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋዩ ጉድጓዱን ሞልቶት ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በእኔ ሰማያዊ እስክሪብቶ የሙከራዬ ቁጥር ተጽፎበታል። አፈር ልብላ! ለካ እኔው ነኝ። ከሦስት ወር በፊት፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ብዬ፣ በልጆቿ ኢንዛይም ውስጥ ታች የነበረችውን ትንሽ ጠጠር አውጥቼ ትልቅ ድንጋይ የተካሁት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ሲያንስ ክሩ ያጥር እንደሆነ፣ ክሩ ሲያጥር ልጆቹ በሙቀት ያልቁ እንደሆነ ለማየት።

"ድንቡሼ፣ በሞቴ ይቅር በይኝ!"

"ልቅሶው ይቆይሽ። ስምንት ሊሞላ ነው፣ ውረጂ!"

ወረድኩ። ጋሽ ዘርጋው እግሬን ያዙልኝ። ድንጋዩን አቅፌ ብስበው ብስበው ንቅንቅ አልል አለ። ልጆቹ እየተንጠባጠቡ ወርደው ወገቤን ይዘው አብረውኝ ሳቡ። አንዳቸውም አልሰደቡኝ፣ ምነው ቢሰድቡኝ! ትንሿማ ጨው በያዘ እጇ ላቤን ጠረገችልኝ። በመጨረሻ ድንጋዩ ተነቀለ። ክሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ጋሽ ዘርጋው "በቃ!" ሳይሉ ቆዩ። ልብሱ የትንሿን ጉልበት አልፎ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሊደርስ ሲል...

"ብርቄ! ኧረ ብርቄ፣ ተነሽ!"

አማካሪዬ ዶክተር ኅሩይ ናቸው። እኚህ ሰው ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ አሁን ጥርሳቸው አልከደን ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ደክሟታል፣ ትተኛ ብለው የድንቡሼንና የልጆቿን ብልቃጦች በስምንት ሰዓት ራሳቸው ሰማንያ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከትተዋቸው ኖሯል።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" ብለው አቀፉኝ። "ያልሽው ሁሉ ሆነ። እናትየዋ ደህና ናት፤ ከቀየርሻቸው ግን አንድም የተረፈ የለም። በቃ፣ ተመረቅሽ በይ!"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"አይዞሽ፣ አልቅሺ" አሉኝ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። "እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ በደስታ አልቅሻለሁ።"