የባሕር ዛፍ ጣቢያ ዋስ

ሰው ለማያውቀው ወንድሙ ዋስ ይሆናል?

ታናሽ ወንድሜ ይታገሱ ከከተማው ዳር ባለችው ባሕር ዛፍ በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ሆኖ ሊቀጠር ነበር። ፈተናውን አልፏል። የቀረው ደመወዝተኛ ዋስ ብቻ ነው፤ ከቤተሰባችን ደግሞ ደመወዝ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጣቢያው በር እንድንገናኝ ለመነኝ። እኔ ግን ትምህርት ብዬ ቼክ አገር ፕራግ ሄጄ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቀርቼ ስመለስ፣ ጥዬው የሄድኩት ሕፃን ጢም አብቅሎ ነው የጠበቀኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? "ላስብበት" አልኩት። የማክሰኞን ሌሊት ሳስብና ስገላበጥ አድሬ ሊነጋጋ ሲል ሸለብ አደረገኝ። ያየሁት ሕልም ይህ ነው።

ባሕር ዛፍ ጣቢያ ቆሜያለሁ። ቀትር ነው። ሦስት የሰፈር ባቡሮች ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ይጠብቃሉ። ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ በሐዲዱ ላይ እየጮኹ ያልፋሉ።

"ክቡራን ባቡሮች" አለ ድምፅ ማጉያው፣ "ወይዘሮ እልፍነሽ አርባ ደቂቃ ዘግይተዋል። ስለ መጉላላታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።"

"ዛሬም?" አለ አንዱ ባቡር። "ትናንትም ሐዲዱ ላይ በግ ገባብኝ ብላ ነበር።"

ወይዘሮ እልፍነሽ እያለከለኩ ደረሱ። ባቡሩ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ትከሻቸው ላይ ወጣ። ተሸክመውት ሄዱ። ማንም አልሳቀም።

ወደ መውጫው ስሄድ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አህያ መንገዱን ዘጋችብኝ።

"ወዴት ነው ጌታው?"

"ቤቴ።"

"እንዲህ ዝም ተብሎ ቤት አይገባም። ዋስህ ማነው?"

ዲግሪዬን አውጥቼ ሰጠኋት። አላምጣ ዋጠችውና "ጨው የለውም" አለች። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞረች። "ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?"

የቀሩት ሁለቱ ባቡሮች ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

"እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል ይታገሱ ነው፤ የደንብ ልብስ ለብሶ በትኬት መስኮቱ ውስጥ ቆሟል።

"ታውቀዋለህ?" አለችው አህያዋ።

"አላውቀውም።"

"ቢጠፋስ?"

"መጥፋት ልማዱ ነው" አለና ፈረመ። ለአፍታ እንኳ አላመነታም።

ማኅተሙ ሲመታ እግሬ እኔን ሳያማክር ሮጠ። በሐዲዱ ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ በረርኩ። ዞር ብዬ ሳይ አህያዋና ባቡሮቹ ይታገሱን በመስኮቱ ጎትተው አውጥተውታል። ቆቡን ቀሙት። ከሁለቱ ከባዱን ባቡር አምጥተው በሰንሰለት አንገቱ ላይ አሠሩበት።

"እሱ እስኪመለስ አንተ ትጎትታለህ" አለችው አህያዋ።

"እሺ" አለ።

የደነገጥኩት በሰንሰለቱ አልነበረም። እሱ ባለመደንገጡ ነው። ቆምኩ። "ፍቱት! ጥፋተኛው እኔ ነኝ!" ልል አፌን ስከፍት ቃሉ በቼክኛ ወጣ። ደግሜ ጮኽኩ፤ አሁንም ቼክኛ። ባቡሮቹ ተያይተው ትከሻቸውን ሰበቁ።

"ወንድምጋሼ፣ ደህና ግባ!" አለኝ ይታገሱ እጁን እያወዛወዘ። ፊሽካው ተነፋ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። የአንገቱ ደም ሥር ሲገተር አየሁ።

ነቃሁ። ፀሐይ አልጋዬ ላይ ወጥታለች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስልኬ ላይ ከይታገሱ አሥራ አንድ ያልተነሡ ጥሪዎች ነበሩ፤ ድምፁን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ከጥሪዎቹ ሥር አንድ መልእክት አለ።

"ወንድምጋሼ፣ አትቸገር። ዋስ ይዞ የመጣ ሌላ ልጅ ነበር፣ ቦታውን ለሱ ሰጡት። ተኝተህ ከሆነ ስለረበሽኩህ ይቅርታ።"

"የደመወዝ ደብዳቤዬን ይዤ መጣሁ፣ እዚያው ጠብቀኝ" ብዬ ላክሁለት።

ዛሬ እሑድ ነው። አልመለሰልኝም።