የሚያነክሰው ሰዓት

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ከእጅ የወጣ መዳብስ? እሱማ ቀስ እያለ ወርቅ ይሆናል። ይህን ያስተማረኝ የአባቴ የግድግዳ ሰዓት ነው።

አባባ አጣዬ ላይ ዕድሜያቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሲቃጠል እኔ ጋ ሸዋ ሮቢት መጡ። ስለ ቤቱ ብዙ አያወሩም፤ ስለ ስፌት መኪናቸውም እንዲሁ። የሚያነሱት ከቤቱ ጋር የተቃጠለውን ሰዓት ብቻ ነው። "ቤትህ ጥሩ ነው፤ ግን ዝም ይላል" ይሉኛል። ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ በደጅ ባጃጅ እየተንጣጣ፣ ቬንቲሌተሩ እያጓራ ነው ዝም ይላል የሚሉት። ከዚህ በላይ ጩኸት ከየት ላምጣ?

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ የድሮውን የሚመስል ተገጣጣሚ የእንጨት ሰዓት ላከች። እኔ ደግሞ ስለ ፔንዱለም ሃያ ዓመት ጠመኔ የፈጀሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ገጣጠምኩት፣ ሰቀልኩት። አባባ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። ሰዓቱ ሦስቴ ቀጭ ብሎ ቆመ። "አስነጠሰው እንዴ?" አሉ።

የሰዓት ልቡ ቀላል ነው። ፔንዱለሙ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ከላይ ያለች ባለሁለት ጥፍር እንጨት የጥርሳሙን መዘውር ጥርስ አንድ በአንድ ትለቃለች፤ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። የኔዋ ግን አንዱን ትለቅና ሌላውን ነክሳ ትቀራለች። ጥፍሯን በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩላት፤ አልሆነም። ነፋሱ ይሆናል ብዬ ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ፤ ያውም በሮቢት፣ ያውም በቀትር። ባለቤቴ ለሰዓት ብለህ እኛን ልትቀቅለን ነው ወይ አለች። እሷም አኮረፈች፣ ሰዓቱም ከሷ ጋር አደመ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ሰዓት የሚጠግነውን ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ ጆሮውን ሰዓቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠና፣ "ወላሂ ጋሼ፣ ሰዓቱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው አሰቃቀሉ ነው" አለኝ። ለካ ተንጋዷል። ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሶ አቃናው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እኩል፣ ጥርት ያለ። ፔንዱለም ላስተማረ ሰው ሚስማር መምታት ማን ያስተምረው?

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ፣ "እግዜር ይስጥህ። ጥሩ ሰዓት ነው፤ የኛ ግን አይደለም" አሉ።

አልደብቅም፣ ከፋኝ። እኔም እኮ ያደግኩት በዚያ ሰዓት ድምፅ ነው፤ እኔንም ይናፍቀኛል።

በማግስቱ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዓቱ ፊት ቆሙ። በአውራ ጣታቸው ከታች ወደ ግራ ገፋ አደረጉት። ቀጭ... ቀጭ ቀጭ... ቀጭ። ማነከስ ጀመረ። እኔም በቆምኩበት ቀረሁ፤ የአጣዬው ሳሎን፣ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ፣ ያረፈችው እናቴ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። የኛ ሰዓት ድሮም እንዲህ ነበር፤ ተንጋዶ የተሰቀለ፣ በየጊዜው የሚቆም። በቆመ ቁጥር እማዬ ከጓዳ "ቆመ እኮ" ትላለች፤ አባባ መርፌያቸውን ሰክተው ይነሳሉ።

ጥቂት ቆይቶ የኔውም ሰዓት ቆመ። ገና ያልመለስነውን ውሃ ልክ ይዤ ስሮጥ አባባ በእጃቸው ከለከሉኝ። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ። ይሄኔ ምንም የማታውቀው ባለቤቴ ከጓዳ፣ "አባባ፣ ሰዓቱ ቆመ እኮ" አለች።

አባባ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። ፔንዱለሙን በጣታቸው ገፋ አድርገው ፈገግ እንዳሉ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ ይነሳሉ።

እኔም የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና፣ እንዲህ እየቆመ ትክክለኛውን ሰዓት በምን ያውቃሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አንተ ስልክ አለህ አይደል?" አሉኝ።