የካፒቴኑ ኮሶ ቀማሽ

[ደብረ ታቦር፣ በጣሊያን ጊዜ። ካፒቴኑ ጥሬ ሥጋ ለምዶ ኮሶ ታይቶታል። አስተርጓሚው አያሌው የጉናውን ኮሶ ሻጭ ሙላቴን ቤቱ አስጠርቶ፣ እሱ ጠላውን እየተጎነጨ ያፋጥጠዋል። ሙላቴ ጨንቆታል፤ ባለፈው ሳምንት ኮሶ ጠጥቶ ገና ጉልበቱ አልጠናም፤ ዛሬ ቢደግም ጉና በእግሩ አይደርስም።]

አያሌው፦ አትጨቃጨቀኝ! ካፒቴኑ ሳይቀመስ አይጠጣም። ትቀምሳለህ!

ሙላቴ፦ ጌታዬ፣ ለዶሮ ቢሰጧትስ?

አያሌው፦ ዶሮ መርዝ ይኑረው አይኑረው ምን ብላ ትነግረኛለች?

ሙላቴ፦ መርዝ ካለውማ ዝም ትላለች።

አያሌው፦ ደንቆሮ! [ብልቃጥ እያወጣ] ይቺ ከሐኪም ቤት የመጣች ናት። ጠብ አድርጌ መጠጡ እንደ እርጎ ነጭ ከቋጠረ፣ መርዝ አለበት ማለት ነው። [ዋንጫ ውስጥ የተበጠበጠው ኮሶ ላይ ጠብ ያደርጋል] ኧረ ጉድ! ቋጠረ! ትሰቀላለህ!

ሙላቴ፦ [ወደ ጠላው እየጠቆመ] ጠብታዋ ተሳስታ እንዳይሆን… እስቲ ጠላዎ ላይ ይሞክሯት።

አያሌው፦ አላዋቂ! እየው እንግዲህ… [ጠብ ያደርጋል] የጌታ ያለህ! ይሄም ቋጠረ!

ሙላቴ፦ ማን ጠመቀው?

አያሌው፦ አሰለፈች! ሚስቴ! ትናንት ከውሽማህ ቤት መጣህ ብላ ስታኮርፈኝ ነበር። ገደለችኝ! ምላሴ ተሳሰረ!

ሙላቴ፦ እየተናገሩ ነው እኮ።

አያሌው፦ አያ ሙላቴ፣ በማርያም፣ ማርከሻ ስጠኝ!

ሙላቴ፦ እኔ ከኮሶ ሌላ ምን አውቃለሁ? ኮሶ እንደሆነ ሆድ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚወጣው።

አያሌው፦ አምጣው!

ሙላቴ፦ መርዝ አለበት አላሉም?

አያሌው፦ እርስ በርሳቸው ይጨራረሱ! [ዋንጫውን ነጥቆ እስከ አተላው ይጨልጠዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሞቱን ይጠብቃል። ሞቱ ቀረ።] አለሁ?

ሙላቴ፦ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ያቺ ጠብታ መራራ አትወድም። ኮሶም መራራ ነው፣ ጌሾም መራራ ነው።

አያሌው፦ እና አሰለፈች?

ሙላቴ፦ ምን በወጣት!

አያሌው፦ [ሆዱን ይዞ] ታዲያ ሳልጠጣው አትነግረኝም?

ሙላቴ፦ መች ፋታ ሰጡኝ?

አያሌው፦ [ወደ ጓሮ እየሮጠ] ወይኔ! ካፒቴኑ እየመጣ ነው! መቀመሱን ማን ያስተረጉምለታል?

ሙላቴ፦ [ኩታውን እያጣፋ] ይሩጡ ብቻ ጌታዬ፣ አይቶ ይረዳዋል!