አማቴ የሚያስውጡኝ ኪኒን

የወር አበባዋ የተቃረበን ሴት «ምን ሆነሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ባል ጀግና አይደለም፤ አዲስ ሙሽራ ነው። የኔው ይህን ጥያቄ ካቆመ ቆይቷል። ያ ሳምንት ሲመጣ ካልሲውን ራሱ ያጥባል፣ ቴሌቪዥኑንም ያለ ድምፅ ያያል።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። የጀመረኝ ልጄን የወለድኩ ሰሞን ነው። ጠያቂ አተካና ይዞልኝ ሲመጣ፣ ያንን በቅቤ የራሰ ቡላ እያየሁ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ነበር። አራስ ናት ተብሎ ታለፈ። ልጅቷ አድጋ መሮጥ ጀመረች፣ እንባው ግን በየወሩ ይመጣል፣ ቁጣ አስከትሎ። አንድ ቀንማ «ለምን ቀስ ብለህ ትነዳለህ?» ብዬ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተጣላሁ። እስቲ ሆሳዕና ውስጥ በዚህ የተከሰሰ ባጃጅ ታውቃላችሁ?

ባሌ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ ጠያይቃ፣ ግፊቴን ለክታ፣ የሆርሞን ኪኒን አዘዘችልኝ።

«የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው፤ ላንቺ ግን የሰጠሁሽ ስሜትሽን እንዲያረጋጋልሽ ነው» አለችኝ።

«እንዲህ ያለ ነገር ካለ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አላት ባሌ። ቤት እስክንገባ አላናገርኩትም።

ሁለተኛ ልጅ ትምህርቴን እስክጨርስ ይቆይ ብለን ተስማምተን ስለነበር ኪኒኑ ለሁለት ነገር ሆነልን። ጣጣው የመጣው አማቴ አባባን፣ የባሌን አባት፣ ቤት ትተው ከሌሞ ሊጠይቁን በጋሪ ሲመጡ ነው። በመጡ ማግስት ማታ ኪኒኑን ስውጥ አዩኝ። ደርሼ የነበረው የእሽጉ መጨረሻ ላይ ካሉት ቡናማዎቹ ጋ ነው። እነሱ ደግሞ እርጉዝ ሳለሁ ጤና ጣቢያ ይሰጠኝ የነበረውን የብረት ኪኒን ቁርጥ ይመስላሉ። እማማ አንዴ ኪኒኑን፣ አንዴ ሆዴን አዩና «ተመስገን ጌታዬ» አሉ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አይደል? እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ሴትዮዋ ሁለተኛ የልጅ ልጅ ሲለምኑ የከረሙ ናቸው። ፊታቸው ሲበራ ሳይ አፌ ተያዘ።

ከዚያ በኋላማ... መመለሳቸውን ትተው፣ እራት እንደተበላ ውሃ ቀድተው ፊቴ ይቆማሉ።

«ኪኒንሽን ዋጥሽ?»

«እውጣለሁ እማማ።»

«አሁን ዋጪ፣ እያየሁሽ።»

ቡናማዎቹ አልቀው ነጮቹ ሲመጡም አልጠረጠሩም፤ የልጅ ልጅ የሚለምኑት አማቴ መከላከያዬን ቆመው ያስውጡኛል። ባሌ ሳቁን ለመደበቅ ጓዳ ይገባል።

ኪኒኑ ደግሞ ሠራ። ያ የሚፈራው ሳምንት መጥቶ ያለ እንባ አለፈ። የቀጣዩ ወርም እንደዚያው። «ጠባይሽ ማር ሆኗል፤ ወንድ ነው የያዝሽው» አሉኝ እማማ። ወንድ ልጅ የእናቱን ጠባይ እንዲህ የሚያሳምር ከሆነ፣ ባሌን የወለዱት ሴትዮ የት ሄዱ? አልኩ በልቤ።

አንድ ጠዋት ግን ወሬያቸው ላቤን አመጣው። አገር ቤት ከሴቶቹ ጋር የቅቤ ዕቁብ አላቸው፤ ዊጆ። ተራቸው ደርሶ ሳለ «ለምራቴ አራስነት ይቆይልኝ» ብለው ልከዋል። እንግዲህ መንደሩ በሙሉ ሆዴን ይጠብቃል ማለት ነው። ዝም ካልኩ በእነዚያ ሴቶች ፊት የሚያፍሩት እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እውነቱን አወጣሁት።

«እማማ... ነፍሰ ጡር አይደለሁም። ኪኒኑም የእርጉዝ አይደለም። እንዲያውም... እንዳላረግዝ የሚያደርግ ነው።»

ነጠላቸውን አንስተው በጋሪ ወደ ሌሞ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቁጭ አሉ።

«ታዲያ ለምን ትውጪዋለሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የአራስነቱን እንባ፣ የወር ወሩን ቁጣ፣ የባጃጁን ሹፌር ሳይቀር።

«እኔም አራስ ሆኜ ሳለቅስ ‹ቅቤ አንሷት ነው› ይሉኝ ነበር» አሉ። «ቅቤ በላዩ ላይ ቅቤ አበሉኝ። ልቅሶው አልቀረም፤ ወፍሬ አለቀስኩ እንጂ።»

ሳቅሁም አለቀስኩም። ይሄኛው እንባ ከሆርሞን አልነበረም።

«ልጁ ይቆይ። ለሴቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉኝና እሽጉን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ባሌ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለአባባስ የሚሆን የላቸውም? የእሱ ቁጣ እንደሆነ ሳምንትም አይመርጥ።»