የአስካለ ቅጠል

ቅጠል ሐኪም ያደረጋቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ አስካለ ከአንዲት ህንዳዊት ባለሱቅ የቅጠል ወጥ መሥራት ከተማረች ወዲህ የሰፈራችን የቡላኦስ ሐኪሞች ሥራ ሳይፈቱ አልቀሩም። ስፒናች ለደም፣ የአብሽ ቅጠል ለስኳር፣ ሽፈራው ለተረፈው በሽታ ሁሉ!

እኔ ደግሞ በሰው አገር ጾሜን ላለመግደፍ የብስኩት ማሸጊያ እንኳ ሳላነብ የማልቀምስ ሴት ነኝ። በሁዳዴ ስትጋብዘኝ ግን ሄድኩ። ቅጠል ምን ያስፈራል?

«ይሄ በቅጠሉ መሃል ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው፣ እቴ?»

«የህንድ አትክልት ነዋ! ብይ፣ ደም ይሆንሻል።»

አማትቤ በላሁ፤ ጭማሪም ጠየቅሁ። ይኼኔ ህንዷ በበር ብቅ ብላ፣ «ፍሮማዤ ጣፈጠ?» አትልም መሰላችሁ?

ፍሮማዥ ማለት አይብ ነው! አይብ በሁዳዴ! አስካለ ላይ አፈጠጥኩባት።

«አይዞሽ» አለችኝ ሳትደነግጥ፣ «አይብ ለአጥንት ነው።»

አጥንቴስ ደህና ነበር። ለነፍስ የሚሆነው ቅጠል የትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረችኝም።