ዋናተኛ ቁጥር አንድ

በላስታ የውሃ ዋና ስፖርት እንዴት እንደተጀመረ በቅጡ ተጽፎ ለትውልድ መተላለፍ ይገባዋል። ሌላው አገር ወንዝና ሐይቅ ይዞ ስንቱን ሰው ሲያሰምጥ፣ ላሊበላ ላይ ክለቡ ከተቋቋመ ጀምሮ አንድም ዋናተኛ እግሩ እንኳ እንደረጠበ የተመዘገበ ነገር የለም። ይህ የሚያኮራ ውጤት በሥልጠና የተገኘ አይደለም። የተገኘው ውሃ ባለመኖሩ ነው። ዮርዳኖስ የምንለው ቦይ አለ እንጂ፤ እሱም በክረምት ይጎርፋል፣ በጥቅምት ይደርቃል፣ በኅዳር ፍየል ይተኛበታል።

የክለቡ መሥራች፣ መታወቂያ ቁጥር አንድ፣ ጎረቤታችን አያ ከፋለ ናቸው። ክለቡን ሳያውቁ መመሥረታቸው ክብራቸውን አይቀንሰውም።

አያ ከፋለ ግንበኛ ናቸው። ዳዊት ደግመዋል፤ በድንጋይ ዕውቀትም አይታሙም። ነገሩ የሆነው በ1973 ዓ.ም.፣ ኅዳር 6 ቀን፣ ቅዳሜ ነው። ባለፈው ወር የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ከቄስ ወልደ ኪዳን ቤት ሲጠጣ ጽዋውን የተረከቡት እሳቸው ነበሩና፣ የኅዳር ሃያ ሰባት ተረኛ ሆነዋል። ጽዋ ተረክቦ ማኅበርተኛን በደረቅ ጉሮሮ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለላስታ ሰው አይነገረውም፤ ያ ሰው ቢሞት እንኳ በለቅሶው ላይ ይነሣበታል። ገብሱ ከቤት አለ። የጎደለው ለጠላው ጌሾ፣ ለሽሮው ጨው ነው። ባለቤታቸው ይማርሽ ከመቀነቷ ጫፍ ሦስት ብር ፈታ ሰጠቻቸው።

«የሁለቱ ጌሾ፣ የአንዱ ጨው። ሌላ ነገር እንዳታይ» አለቻቸው።

በዚያ ዘመን ጨው የሚገኘው በኅብረት ሱቁ በኩል ሲመጣ፣ ያውም በቀበሌ ኩፖንና በሰልፍ ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሰፊው ሕዝብ አንድ ብልሃት አበጅቶ ነበር። ሰው ተራውን በድንጋይ ይይዛል። ድንጋዩን ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይሰለፍለታል። ደግሞ ሰልፍ የያዘ ሰው «ምን ሊሸጥ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ሲጠይቅ ተራው ያልፈዋል፤ ከዚያም በላይ ንቃተ ኅሊናው ዝቅ ያለ ተብሎ ይቆጠርበታል።

አያ ከፋለ ወደ ገበያ ሲወርዱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አሥራ አንድ ድንጋዮች ተሰልፈው አዩ። በገመድ የተለኩ ይመስል እኩል በእኩል ተራርቀዋል። ግንበኛ ናቸውና ደስ አላቸው። «ሕዝቡ ምን ያህል ቢደራጅ ነው» አሉ በልባቸው። ደህና ድንጋይ መርጠው አሥራ ሁለተኛ አደረጉና ከጎኑ ቁጭ አሉ።

ድንጋዮቹ ግን የማንንም ተራ አልያዙም። ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ኖራ ተቀብተው መንገዱን እንዲያሳምሩ በማለዳ የተደረደሩ ናቸው። ኖራው ገና ከወልድያ አልደረሰም።

አያ ከፋለ ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ አሥራ አንዱ ባለ ድንጋዮች እስኪመለሱ በትዕግሥት ጠበቁ። ጥቂት ቆይታ ጎረቤታቸው ስሜነሽ መጣችና ሰልፉን አየች። ምንም ሳትል ድንጋይዋን ከኋላቸው አኖረች። ከእሷ ኋላ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ኋላ ሌላ። ስድስት ሰዓት ላይ ሰልፉ ሠላሳ ደረሰ፤ አሥራ አንዱ ድንጋይ ብቻ፣ አሥራ ዘጠኙ ድንጋይና ሰው።

የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ጓድ ሙሉሃብት በመስኮት አየ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወር ያደረ ሰርኩላር አለ፤ እያንዳንዱ ቀበሌ የውሃ ዋና ክለብ አቋቁሞ ከአሥራ አምስት የማያንሱ በጎ ፈቃደኞችን እንዲመዘግብ ያዛል። ጓድ ሙሉሃብት ሁለት ወር ሙሉ አንድ ዋናተኛ ፈልጎ አላገኘም። አሁን ግን ሰፊው ሕዝብ ሳይቀሰቀስ በራሱ ተነሣሽነት ደጁ ላይ ተሰልፏል። መዝገቡን ታቅፎ ወጣ።

«ስም?»

«ከፋለ አረጋ። ግን ከፊቴ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ።»

«እርስዎ ነዎት አንደኛ።»

«እነዚህስ?» አያ ከፋለ ወደ ድንጋዮቹ አመለከቱ።

«እነሱ የጽሕፈት ቤቱ ናቸው።»

የጽሕፈት ቤት ሰዎች በሁሉም ነገር ቅድሚያ እንዳላቸው ስለሚያውቁ አያ ከፋለ አልገረማቸውም።

«ሦስት ብር» አለ ጸሐፊው።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

እንዲህ ካስከፈሉ ጨዉን በጆንያ ሊሰጡን ነው ብለው ከፈሉ። ፈረሙ። አንድ ቀይ ካርድ ተሰጣቸው። ኩፖን መስሏቸው ይዘው በቀጥታ ወደ ኅብረት ሱቁ ሄዱ።

ሻጩ ካርዱን ገለበጠ፣ ዘቀዘቀ። ሁለት እጁን የዘረጋ፣ ወገቡ ድረስ ውሃ የዋጠው ሰው ተሥሎበታል።

«ይህ የጨው አይደለም» አለ።

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«እንጃ። እኔ የሚታየኝ የሚሰምጥ ሰው ነው።»

ያን ጊዜ አያ ከፋለ በመጀመሪያ ሊያደርጉት የሚገባውን በመጨረሻ አደረጉ፤ አነበቡት።

ከቤት ሲገቡ ይማርሽ ባዶ እጃቸውን አየች።

«ጌሾውስ?»

«አልገዛሁም።»

«ጨውስ?»

«አልነበረም።»

«ብሩስ?»

ካርዱን አወጡ። «አባል ሆኛለሁ።»

ይማርሽ ሥዕሉን አትኩራ አየችው። «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«እየዋኘ ነው።»

«ልብሱስ የታለ?»

«በዋና ጊዜ ይወለቃል።»

«እንግዲያው በመድኃኔ ዓለም ገንዘብ ራቁትህን ልትሄድ ተመዝግበህ መጣህ።» ካርዱን መለሰችላቸው። «ሰኞ ሂድና ይህን ሰውዬ ስጣቸው፤ ብሬን አምጣ። ዛሬ ሳምንት ጥንስሱ ካልተጣለ ለሃያ ሰባት አይደርስም።»

ሰኞ ጓድ ሙሉሃብት በትሕትና ተቀበላቸው። ጥያቄያቸው ተገቢና ወቅታዊ እንደሆነ ገለጸላቸው። ስለዚህም በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አዘዛቸው። ማክሰኞ በጽሑፍ አቀረቡ።

«ማስረጃ አላያያዙም» አለ።

«የምን ማስረጃ?»

«አገልግሎቱን ያለመጠቀምዎን። አለመዋኘትዎን የሚያረጋግጥ።»

«ጓድ ጸሐፊ፣ ውሃ የት አለና ነው የምዋኘው?»

«የውሃ መኖርና አለመኖር ይህን ክፍል አይመለከትም። እኛ የተቋቋምነው ለመዋኘቱ ነው። ውሃው ለሚመጣው ዓመት በጀት ተጠይቋል።»

«እንግዲያው ውሃው እስኪመጣ ብሬን ይስጡኝ። ሲመጣ እመለሳለሁ።»

ጸሐፊው በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አሁን የሚናገረው ጓዱ አልነበረም፤ የመንደራችን የሸጌ ልጅ ሙሉሃብት ነው።

«አያ ከፋለ፣ ሪፖርቱ ሄዷል። አሥራ ዘጠኝ ዋናተኞች አሉን ብለናል፤ ከደጋ ቀበሌዎች አንደኛ ወጥተናል። አንቱን ሰርዘን አሥራ ስምንት ስንሆን አውራጃውን ምን እንበለው? አንዱ ሰመጠ እንበል?»

«በሉ። ሦስት ብሬን ስጡኝ እንጂ ሰመጠ በሉ።»

ጓድ ሙሉሃብት በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ለሰመጠ ሰው ደግሞ ገንዘብ አይመለስም።»

ሐሙስ ዕለት ከአውራጃ ሽልማት መጣ። አንድ ፊሽካ ነው። ዋናተኛ ሲሰምጥ የሚነፋ ሲሆን፣ ለአባል ቁጥር አንድ በፊርማ ተሰጠ። ገንዘብ ሊያስመልሱ የሄዱት አያ ከፋለ የመንግሥት ንብረት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆሙ።

«አሁንማ ጭራሽ መውጫ የለኝም ማለት ነው» አሉ።

«እንዴት አይኖርም? መመሪያው ሁሉንም አስቦበታል» አለ ጸሐፊው፤ አነበበላቸውም። «አንቀጽ ዘጠኝ። አባልነት አይሰረዝም። ሆኖም በፈቃዱ የሚተካ ሰው ሲገኝ፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት፣ ተተኪው የመመዝገቢያውን ገንዘብ ለቀዳሚው አባል ከፍሎ አባልነቱንና ንብረቱን ሊረከብ ይችላል።»

«ማን ነው ሦስት ብር ከፍሎ እኔን የሚተካ?»

«ሰፊው ሕዝብ አለልዎት» አለ ጓድ ሙሉሃብት፤ ወደ ስብሰባው ሄደ።

የቀሩትን አሥራ ስምንት ዋናተኞች የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። እነሱ ዝም አሉ። ሳይጠይቁ መሰለፋቸውን ከማመን ሦስት ብሩን ማጣት ቀሏቸዋል። አንዳንዱማ ለሚስቱ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የመዋኘት ምኞት እንደነበረው ሳይነግራት አልቀረም።

ዓርብ ወደ ማታ አያ ከፋለ መደብ ላይ ተቀምጠው ፊሽካውን ያገላብጣሉ። ይማርሽ ከፊታቸው ገብስ ትለቅማለች።

«እኔ የምልህ» አለች፣ «ያን ለት ምን ብለው ነው ያስገቡህ?»

«ማንም ምንም አላለኝ። ድንጋይ አይቼ ነው።»

ይማርሽ የለቀመችውን ገብስ ወደ ጎን አደረገች። «ያ የበሩ ካብ ከፈረሰ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ክረምት።»

«ነገ ብትሠራው ምናለበት? ድንጋዩን ግን በሥርዓት ደርድረው።»

ቅዳሜ ማለዳ አያ ከፋለ ከበራቸው እስከ ገበያው መንገድ አሥራ አንድ ድንጋዮች ደረደሩ፤ በገመድ ለክተው፣ እኩል በእኩል አራርቀው። ከዚያ በር ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀመጡ። በጉልበታቸው ላይ ካርዱ፣ ፊሽካውና በገዛ እጃቸው የጻፉት የርክክብ ወረቀት አሉ።

መጀመሪያ የመጣችው ስሜነሽ ናት።

«አያ ከፋለ፣ ምን ሊመጣ ነው?»

«ምንም አይመጣም። የካብ ድንጋይ ነው።»

«እሺ፣ አይንገሩኝ» አለች ስሜነሽ። ድንጋይ ፈልጋ አሥራ ሁለተኛ አኖረች።

ቀጥለው ቄስ ወልደ ኪዳን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ደረሱ። «ከፋለ፣ ጥንስሱ እንዴት ሆነ ብዬ ነው።»

«ዛሬ ይጣላል፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህስ ምንድን ነው?»

«ካብ ልሠራ ነው፣ አባቴ። ቄስ ፊት አልዋሽም።»

«አውቃለሁ፣ አትዋሽም» አሉ ቄሱ። ወዲያ ወዲህ አዩና አንዲት ትንሽ ድንጋይ በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ከስሜነሽ ኋላ አስጠጓት።

እውነቱ በተነገረ ቁጥር ሰልፉ ረዘመ። ሳሙና ነው የሚል አለ፤ ጋዝ ነው የሚል አለ፤ አንዱ ከሙጃ ገበያ ሌሊት በአጋሰስ የገባ አቡጀዲ እንደሆነ በዓይኑ እንዳየ ሆኖ ተናገረ። ከፊት ያሉት አሥራ አንድ ድንጋዮች የጽሕፈት ቤቱ ይሆናሉ ተብሎ ታለፈ። ሦስት ሰዓት ላይ አርባ ሰው ተሰብስቧል። ካለፈው ሳምንት ዋናተኞች አሥራ አራቱ አሉበት።

ይህን ጊዜ ጓድ ሙሉሃብት ደረሰ።

«ይህ ሰልፍ በማን ፈቃድ ነው?»

«ሰልፍ አይደለም፣ የካብ ድንጋይ ነው» አሉ አያ ከፋለ።

ጓድ ሙሉሃብት አርባውን ሰው አየ። ከዚያ አያ ከፋለን አየ፤ በአንድ ዓይኑ ጠቀሳቸው።

«ገብቶኛል። ሰው እንዳይሰማ ነው።» ስሜነሽን አለፈ፣ አሥራ አንዱን ድንጋይ አለፈ፣ አጎዛው ጫፍ ላይ ቆመ። «የአመራር አካል ቅድሚያ እንዳለው ይታወቃል። ስንት ነው?»

«ሦስት ብር ነው። ግን ጓድ ጸሐፊ፣ ወረቀቱን አስቀድመው ያንብቡ። ኋላ ቅር እንዳይልዎት።»

«አያ ከፋለ፣ እኔ በቀን ስንት ወረቀት እፈርማለሁ። ሁሉን ካነበብኩ ሥራ መቼ ይሠራል?»

ሦስት ብር ቆጠረ። ፈረመ። እጁ ከለመደው ነገር ሊገታ ስላልቻለ ማኅተሙን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ በፊርማው ላይ አሳረፈበት። አያ ከፋለ ቄስ ወልደ ኪዳንንና ስሜነሽን ጠሩ። ለሁለቱም ፈቃደኛ ተተኪ መገኘቱን ብቻ እንደሚመሰክሩ ነገሯቸው። ቄሱ ፈረሙ፤ ስሜነሽ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አያ ከፋለ ተነሡና ፊሽካውን በአክብሮት በጓድ ሙሉሃብት አንገት ላይ አጠለቁለት። ካርዱን በእጁ ሰጡት።

ጓድ ሙሉሃብት ካርዱን ለረጅም ጊዜ አየው። የሚሰምጠውም ሰውዬ እሱን አየው።

«ይህ...» አለ።

«አንቀጽ ዘጠኝ ነው» አሉ አያ ከፋለ።

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሰው ተጣራ። «አለቀ ወይ?»

«አለቀ» አሉ አያ ከፋለ።

ሕዝቡ እያዘነ ተበተነ። ስሜነሽ ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ያን ለት ለእኔ የሚገባውን ባለሥልጣን ቀማኝ ትላለች፤ ምን እንደቀማት ሲጠይቋት ነገሩን ወደ ሌላ ትወስደዋለች።

ጌሾው በዚያው ቀን ተገዛ፤ ጨዉም ከአንድ ነጋዴ በጭብጥ ተገኘ። ኅዳር ሃያ ሰባት ማኅበሩ ተጠጣ፤ ጽዋውም ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ። ካቡም ተሠራ። ይማርሽ ድንጋዮቹ መሬት ላይ እንዳያድሩ አጥብቃ ተናግራ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ መንገደኛ ከአሥራ አንደኛው ኋላ ተሰልፎ አግኝታዋለችና።

ጓድ ሙሉሃብት ግን መብቱን የማያስከብር ሰው አልነበረም። ሰኞ ዕለት የዋና ክለቡ አባል ቁጥር አንድ ጓድ ሙሉሃብት፣ ለጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ለጓድ ሙሉሃብት ሦስት ብሩ እንዲመለስለት ማመልከቻ ጻፈ። ጸሐፊው ማመልከቻውን በጥሞና መረመረ። አመልካቹ አለመዋኘቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላያያዘም። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ማስረጃው እስኪሟላ በትዕግሥት እንዲጠባበቅ በማኅተም መለሰለት።

እሱም መመሪያ አክባሪ ነውና ተጠባበቀ። ከቢሮው ወጣ፣ በሩን ከኋላው ዘጋ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ደጁ ላይ ድንጋይ አኖረና ከጎኑ ቆመ። እስከ ስድስት ሰዓት ከእሱ ድንጋይ ኋላ ሰባት ድንጋዮች ተሰልፈው ነበር።